«ማን ጀመረ?» የማይባልባት ክፍል

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ ልክ ነው፣ ሌላው ተሳስቷል፤ ሁለቱም ልክ ከሆኑ ጥያቄው ሲታተም ተበላሽቷል ማለት ነው ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለዚህ የሥነ ዜጋ መምህርታችን «ልጆች ልጆችን ያስታርቁ» የሚል ነገር ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ከሳቁት መሀል እንደነበርኩ ከወዲሁ ልናዘዝ። ሳቄም ቶሎ አላለቀም፤ ወደ ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

ልጆቹ «ቲቸር ድገም» ይሏታል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አጭር ናት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው በታችኛው ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ የላይኛው ግማሽ ከሷ በፊት የገባው መምህር ጽሑፍ እንዳለበት ይውላል፤ ብዙ ጊዜ የኔ ክፍልፋዮች ናቸው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፣ ዝቅ ይላል፤ መፍራት ያን ጊዜ ነው።

ያደገችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ከሰባት ልጆች አምስተኛ ሆና። «ሁለት አልጋ ላይ ለሰባት ስንተኛ መሀል የምሆነው እኔ ነበርኩ» ትላለች። «ከግራም ከቀኝም ሲራገጡ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። አስታራቂ የሆንኩት እንቅልፌን ብዬ እንጂ ደግ ሆኜ አይደለም።»

ደግ ሆና ላለመወለዷ ሌላም ማስረጃ አላት። ማስተማር በጀመረች በሦስተኛው ዓመት ሁለት ልጆች ተደባድበው ክፍሏ ገቡ። የአንዱ ግንባር ደምቷል፣ የሌላው እጅ ድንጋይ ይዟል። ድንጋይ የያዘውን በጥፊ አጮለችው። ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድንጋዩን ከሦስተኛ ልጅ እጅ ቀምቶ፣ ጓደኛውን ሊያስጥል ሲታገል እንደነበር የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም ብዬ እሱኑ መልሼ ተናደድኩበት» አለችኝ አንድ ቀን። «ቆይቼ ሳስበው፣ እኔ መቼ ጠየቅሁት?»

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላከች። ከኛ ትምህርት ቤት አምስት ሰው ሄዶ ነበር። አራታችን የምስክር ወረቀት ይዘን ተመለስን፤ እሷ ግን የሰማችውን ይዛ ተመለሰች። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በመጸዳጃው መሀል ያለችውን የተሰበሩ ዴስኮች ማከማቻ ጠየቀች። ሌላ ጠያቂ ስላልነበራት ፈቀዱላት። ሠላሳ ስምንት ዴስክ በራሷና በተማሪዎቿ ትከሻ አወጣች፣ ወለሉን አጠበች፣ አንድ ክብ ጠረጴዛና አራት አምስት ወንበር አስገባች። በሩ ቁልፍ አልነበረውም። እሷም አላስገጠመችለትም።

ከዚያ አሥራ ሁለት ልጆች መረጠች። የደረጃ ተማሪዎቹን ትወስዳለች ብለን ስንጠብቅ፣ ግማሾቹን ከኔ መዝገብ አወጣቻቸው። የኔ መዝገብ ማለት የዲሲፕሊን ኮሚቴው መዝገብ ነው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

«ሌባን ዘበኛ ማድረግ ነው እኮ ይሄ» አልኳት።

«ተጣልቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ጠብ ምን ያውቃል?» አለችኝና ሄደች።

ሕጓ ጥቂት ናት። እዚያች ክፍል ውስጥ «ማን ጀመረ?» አይባልም። አስታራቂው ልጅ አይፈርድም፣ አይመክርም፣ ይቅርታ ጠይቁ ብሎ አያስገድድም። የተጣሉት ሁለቱ ተራ በተራ ይናገራሉ፤ ግን ሁለተኛው የራሱን ከመናገሩ በፊት የመጀመሪያው ያለውን ደግሞ ይናገራል። ተናጋሪው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ይደግማል። አንዴም ቢሆን፣ አሥር ጊዜም ቢሆን። እዚያ የተባለውም እዚያው ይቀራል። «ቲቸር ድገም» የመጣው ከዚህ ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትምህርት ቤት በመጣ ቁጥር ያማርራል፦ «ቤት ገብቼ ደክሞኛል ስላት፣ ‹ደክሞኛል ነው ያልከው?› ትለኛለች። አዎ እላለሁ። እራቱ ግን ያው እኔ የማሞቀው ነው።»

መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር። ልጆቹ አስታራቂነትን ከዳኝነት መለየት አቃታቸው። አንዱ፣ ሁለት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አነጋግሮ፣ አጨባብጦ፣ ሁሉንም በወጉ ከጨረሰ በኋላ ሁለቱንም ግድግዳ ሥር አንበርክኮ ተገኘ። «ታርቀዋል ቲቸር፤ ይሄ ለወደፊቱ እንዲጠነቀቁ ነው» አላት። ሌላዋ አስታራቂ ደግሞ የራሷን ወንበር በሁለት ትራስ ከፍ አድርጋ ነበር። ድገም አልተቆጣችም። ሁሉንም እንደገና ከሀ አስጀመረቻቸው፤ ለአሥር ሳምንት፣ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ፣ እሷ ተጣይ እየሆነች፣ ልክ እንደ ሰባተኛ ክፍል ልጅ እያኮረፈች።

በሁለተኛው ዓመት መዝገቤ ከሳ። በአንድ መንፈቅ ዘጠኝ ገጽ የነበረው ጠብ ሦስት ገጽ አልሞላ አለ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሰው ከሳቀ በኋላ አመንኩ ማለት ከብዶት ያውቃል።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ የኛን መሥሪያ ቤት የማያውቅ ሰው የማይሠራው ስህተት ነው። እኛ ዘንድ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ነገር አልተደረገም። የመስኮት መስታወት ቢሰበር ቃለ ጉባኤ አለው። ጠመኔ ቢያልቅ ሦስት ሰው ይፈርማል። ድገምም የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ልማዷን ከደሟ አላወጣችውም። ስለዚህ አስታራቂዎቹ እያንዳንዱን እርቅ እንዲጽፉ፣ ሁለቱን ልጆች እንዲያስፈርሙ አደረገች። ወረቀቶቹ በሰማያዊ ፋይል ታስረው መዝገብ ቤት ይቀመጡ ነበር። በር ቁልፍ እንዳይኖረው ያሰበች ሴት ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ አላሰበችም።

እኔ እጅ ገባ።

ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ ከክፍሉ ሁሉ የምትረዝም፣ «መሰላል» የሚሏት፤ ሁለተኛዋ ሹክ ስትል እንኳ ኮሪደሩ የሚሰማት፣ «ደወል» የሚሏት። ጓደኛሞች ነበሩ። ደወል በምስጢር የተነገራትን፣ የመሰላል አባት እስር ቤት መሆኑን፣ አንድ ቀን ተናዳ ክፍል ውስጥ ተናገረችው። በሷ ድምፅ ደግሞ አንዴ ከተነገረ ተነገረ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የደወል የሳይንስ ደብተር፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ተቀዳዶ መጸዳጃ ቤት ተገኘ። ኮሚቴያችን አጣራ። እኔ ራሴ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ሁለት ሳምንት ልጅ ስጠይቅ ከረምኩ። ማንም አላየም። ፋይሉ «ፈጻሚው ያልታወቀ» ተብሎ ተዘጋ።

እነሱ ግን ፋይሉ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን እዚያች ክፍል ገብተው ተቀምጠዋል። መሰላል ማንም ሳያስገድዳት «እኔ ነኝ» አለች። ደወልም ሰምታ ደገመችው። ከዚያ ደወል ክፍሉ ፊት ቆማ ‹የሰው ምስጢር አውጥቻለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ› አለች፤ መሰላል ደግሞ ሙሉውን ደብተር ከሌላ ልጅ ወስዳ ሥዕሉ ሳይቀር በእጇ ገለበጠችላት። ዘጠና ስድስት ገጽ። ደወል እርቁ ሲያልቅ «እኔም አስታራቂ ልሁን» ብላ ሥልጠና ገባች። እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም።

ከወር በኋላ መዝገብ ቤት ሌላ ወረቀት ስፈልግ ሰማያዊውን ፋይል ከፈትኩ። ‹ደብተሩን የቀደድኩት እኔ ነኝ› የሚል፣ ከሥሩ ፊርማ ያለበት። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አልወጣ ብሎ ያስቸገረ ጥያቄ መልስ የተገኘለት ያህል ደስ አለኝ። ወረቀቱን ለኮሚቴ አቀረብኩ። ዳይሬክተራችን ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ደህና አደራችሁ ለማለትም አንቀጽ የሚጠቅሱ ናቸው። አንቀጹ የሁለት ሳምንት እገዳና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበር። ፈረሙ። ድገም ያወቀችው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብባ ነው።

መሰላል ደብተሯን ሰብስባ ስትወጣ ድገም በር ላይ አገኘቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። «እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል ብለው ነበር ቲቸር» ብቻ አለቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሏ ባዶ ሆነች። በሩ ላይ አንድ ሰው በጠመኔ «ፖሊስ ጣቢያ» ብሎ ጻፈበት። ከአሥራ ሁለቱ አስታራቂዎች ሰባቱ ተዉት። የኔ መዝገብ መወፈር ጀመረ። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ሦስተኛው ቢገባም መሰላል አልተመለሰችም። የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ምዝገባ ደግሞ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ትምህርት ላይ ያልተገኘ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ድገም ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝ። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። ስድብ ጠበቅሁ።

«ያንን ወረቀት ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «አንተ ያገኘኸውን አቀረብክ። ጥፋቱን ለሁለት እንከፍለዋለን። አሁን ተነሥ፣ ልጅቷ ጋ እንሄዳለን።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ምንም። ትቀመጥና ትሰማለህ። ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሄድኩ።

የመሰላል እናት የምትሠራው አንድ ሆቴል ጀርባ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ገና ከደጅ እንፋሎቱ ፊትን ይመታል። ግድግዳው ላብ አውጥቷል፤ ትልልቆቹ ማሽኖች ይንቀጠቀጣሉ፤ በስተቀኝ የተኮሱ አንሶላዎች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። እናትና ልጅ አንሶላ እያጠፉ ነበር። ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ይይዛሉ፣ ይወጥሩታል፣ ያጋጥሙታል፣ ይራመዱና መሀል ላይ ይገናኛሉ። ልጅቷ ሥራውን ለምዳዋለች።

እናትየው አየችን፣ አንሶላውን ግን አልለቀቀችም።

«መጣችሁ?» አለች። «ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ትዝ አለቻችሁ?»

«ልክ ነዎት እህቴ፣ ዘግይተናል» አለች ድገም።

«እኔ ይቺን ልጅ ያሳደግኳት እውነት ተናገሪ እያልኩ ነው። አባቷ የገባበት የገባው በውሸት ነው፤ አንቺ እንደሱ እንዳትሆኚ እያልኩ። እናንተ ዘንድ ለካ የሚያስቀጣው እውነት ነው። ይኸው እዚህ ማንም የሚጠይቃት የለም፤ አንሶላ ታጥፋለች።»

አፌን ልከፍት ስል ድገም በክርኗ ነካችኝ። እሷ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ከክምሩ አንድ አንሶላ አንሥታ፣ አንዱን ጫፍ ለመሰላል ዘረጋችላት። ልጅቷ አመነታች፤ ከዚያ ያዘችው። አንዷ እስከዚያ ድረስ ረጅም፣ ሌላዋ እስከዚህ ድረስ አጭር፤ አንሶላው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ንገሪኝ» አለች ድገም።

«ምን ልንገርዎ?»

«የተሰማሽን።»

መሰላል አንሶላውን ወጠረችው። «እርስዎን አምኜ ነው የገባሁት። እርስዎን እንጂ ኮሚቴውን አላምንም ነበር። ኮሚቴው መቅጣቱ አላናደደኝም፤ ሥራቸው ነው። እርስዎ ግን… በሩ ላይ ሲያዩኝ እንኳ ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› አላሉም።»

ድገም አንሶላዋን እንደያዘች ደገመችው። «ያልሽው፣ ኮሚቴው ሳይሆን እኔ ነኝ ያሳዘንኩሽ ነው። ቃል ገብቼ አፈረስኩ። ከዚያ ደግሞ በር ላይ ሳገኝሽ ጥፋቴን ማመን አቅቶኝ ዝም አልኩ።»

«አዎ» አለች ልጅቷ። አሁን አለቀሰች። «እሱን ነው ያልኩት።»

«እውነትሽን ነው» አለች ድገም። «ፈርቼ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ሁለቱ እየተራመዱ መጥተው አንሶላውን መሀል ላይ አጋጠሙት። እናትየው ዞር ብላ ዓይኗን በመደረቢያዋ ጠረገች። እኔ ደግሞ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ የተኮሱትን አንሶላዎች እቆጥር ነበር። አንድ መቶ አራት ነበሩ።

መሰላል ለመመለስ አንድ ነገር ጠየቀች። ዳይሬክተሩ እዚያች ክፍል ገብተው ይሰሟት። ይቅርታ አይጠይቋት፤ ብቻ ሰምተው ይድገሙት። አስታራቂዋ ደግሞ ደወል ትሁን። «የበደልኩት እሷን ነው፤ እሷ ካለች አይዋሽም» አለች።

ዳይሬክተሩን ማምጣት ተራራ መግፋት ነው ብዬ ነበር። ድገም ግን በአንቀጽ የሚኖርን ሰው በአንቀጽ ያዘችው። ከሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል አንድ አንቀጽ አስገብታ ነበር፦ ክስ ከመሰማቱ በፊት ከወገኖቹ አንዱ ከጠየቀ ጉዳዩ በአስታራቂዎቹ ክፍል ይታያል። ወገኖች ይላል፣ ተማሪዎች አይልም። ዳይሬክተሩ የልጆች ነገር ነው ብለው ሳያነቡ ፈርመውበታል። ረቡዕ ጠዋት ድገም በራሷ ላይ፣ በኮሚቴው ጸሐፊና በዳይሬክተሩ ላይ የክስ ደብዳቤ አስገባች፦ ‹ሦስታችንም በአደራ የተነገረንን ቃል ለቅጣት ተጠቅመንበታል።› ከግርጌው ደግሞ ‹ግልባጭ፦ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት› የሚል አለ፤ ገና አልተላከም፣ ግን አለ። ግልባጭ የሚለውን ቃል ያላየ አለቃ ፍርሃትን አያውቅም።

ዳይሬክተሩ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ደንቡን ሲያገላብጡ ዋሉ። ማምለጫ አላገኙም። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እዚያች ክፍል መጡ።

ክብ ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሆነን ተቀመጥን። ወንበሮቹ የልጅ ናቸው፤ የዳይሬክተሩ ጉልበት ደረታቸውን ነካ። እኔ ከልማድ የተነሣ ወረቀቴን ዘርግቼ ቀንና ሰዓት መጻፍ ጀምሬያለሁ።

«ቲቸር» አለችኝ ደወል፣ በተቻላት መጠን ቀስ ብላ፤ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይሰማ አልቀረም። «እስክሪብቶዎን ይመልሱት።»

መለስኩት። ጆሮዬ ጋለ።

ደወል ሕጉን ተናገረች፣ ከዚያ ለመሰላል ራሷን ነቀነቀችላት። መሰላል በአጭሩ ተናገረች። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሺ። ያልሽው፣ ጥፋትሽን አምነሻል፤ ቅጣቱ ግን በዝቶብኛል ነው።»

«አይ፣ ጋሼ። እንደሱ አላልኩም።»

«ደንቡን አላውቀውም ነበር ነው ያልሽው።»

«አይ።»

«ይቅርታ እንዲደረግልሽ ነው የምትፈልጊው።»

«አይ፣ ጋሼ።»

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ዘጠኝ ተኩል አልፏል። «ታዲያ ምን በል ነው የምትይኝ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየሻከረ፣ ወደ ድገም ዞረው። ድገም ወለሉን ታያለች። ልትረዳቸው እንዳልፈለገች ገባኝ። እሳቸው አሁን ተነሥተው ቢወጡ ልጅቷ ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች፣ ምዝገባውም ይዘጋል፤ ክፍሏም ተመልሳ የዴስክ ማከማቻ ትሆናለች።

«ጋሼ፣ ካልገባዎት እንደገና ትናገር ይበሉ» አለች ደወል። «ይፈቀዳል።»

እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።

«እንደገና ተናገሪ እስቲ ልጄ» አሉ ዳይሬክተሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ አሏት።

መሰላል ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ስቀድደው ማንም አላየኝም። ሁለት ሳምንት አጣራችሁ፤ አላገኛችሁም። ዝም ብዬ ቢሆን ዛሬም ክፍሌ ውስጥ ነኝ። እኔ ግን ተናገርኩ። ለደወል ነገርኳት፣ ደብተሯን ጻፍኩላት፣ ታረቅን። ከዚያ በኋላ ነው የተቀጣሁት። ታናሽ ወንድም አለኝ ጋሼ። ሲያጠፋ ምን ብዬ ልምከረው?»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ እጃቸው ላይ ያዙት።

«ያልሽው…» አሉ። ቆሙ። «ያልሽው፣ ብትዋሺ ኖሮ አንቀጣሽም ነበር ነው። ደብተር ስለቀደድሽ አይደለም የቀጣንሽ። እውነት ስለተናገርሽ ነው።»

«አዎ» አለች መሰላል። «እሱን ነው ያልኩት።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያንን ወረቀት ከሰማያዊው ፋይል ያወጣሁበት ደስታዬ ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ተራው የዳይሬክተሩ ሆነ። አንቀጽ ይጠቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ «ሰባት መቶ ልጅ ነው ያለኝ» አሉ። «አንዱን ያለ ቅጣት ባልፍ ነገ ሌላው ምን ያደርጋል እያልኩ እተኛለሁ። ደንቡን ከለቀቅሁ የምይዘው ነገር ያለኝ አይመስለኝም።»

መሰላል አሰበችና «ይፈራሉ ማለት ነው» አለች። «ደንቡን አጥብቀው የያዙት ስለሚፈሩ ነው።»

የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ የምታናግረውም ዳይሬክተሩን ነው።

«አዎ» አሉ እሳቸው። «እሱን ነው ያልኩት።» ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ያችን ትንሽ ወንበር ሊገለብጧት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ነው። እገዳው ተሰረዘ። ሰማያዊው ፋይል እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀደደ፤ የቀደድነው እኔና ዳይሬክተሩ ነን፣ መዝገብ ቤት ያለ ወረቀት በእጄ ሳጠፋ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ከአሁን ወዲያ እዚያች ክፍል ወረቀት አይገባም ተባለ። ይህንንም ማንም አልጻፈውም። ሁሉም ሲያልቅ ድገም ሰዓቷን አየችና ጮኸች።

«አሥር ሰዓት ከሃያ! ፎቶ አለሽ?»

መሰላል ፎቶ የላትም። ለምዝገባ ሁለት ጉርድ ፎቶ ግድ ነው። ፎቶ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በር ወጥቶ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ነው። ሁለቱ ልጆች ተያይዘው ሮጡ። በር ላይ ከሥራ አምልጣ ስትጠብቅ የነበረችው እናት ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ተከትላቸው ሮጠች። ደወል መንገዱን ሁሉ «ዞር በሉ!» እያለች ስትጮህ ግቢው ውስጥ ሆነን እንሰማታለን። ያን ድምፅ አንድ ቀን ባርከዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መስኮቷን የምትዘጋ ሴት ናት። ሚኒስትር ቢመጣ ትዘጋለች። ድገም ቅጹን እያስሞላች፣ ስለ ልጆቿ እየጠየቀች፣ መልሷን እየደገመችላት ሩብ ሰዓት ገዛችበት። ዳይሬክተሩ ደግሞ መጥተው ክንዳቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግተው ቆሙ፤ ወሬ የሚያወሩ መስለው፤ መስኮቱ እሳቸው ካልተነሡ አይዘጋም። የቀሩት አምስቱ አስታራቂዎችም መጡ፣ የተዉትም ሰባቱ መጡ፣ ከዚያ ግማሽ ትምህርት ቤቱ ግቢው ውስጥ ቆሞ በሩን ማየት ጀመረ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ከዚያች ክፍል ግን የወጣ ምስጢር የለም።

ለአሥራ አንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ከበሩ በላይ የመሰላል ጭንቅላት ታየ። ግቢው ጮኸ። ፎቶዎቹን እንዳይበላሹ በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ገና አልደረቁም። ፎቶው ላይ የሸሚዟ ኮሌታ ጠሟል፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ጥርሷ በሙሉ ይታያል።

«ለፈተና የሚሆን ፎቶ ላይ አይሣቅም» አለች ሠራተኛዋ።

«ይቺ ትሣቅ» አሉ ዳይሬክተሩ። አንቀጽ አልጠቀሱም።

ማኅተሙ አረፈ። ተራ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ተመዝጋቢ። እናትየው ቁና ቁና እየተነፈሰች ደርሳ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ገና የሳሙና ሽታ አለው። «ገባች?» አለችኝ። «ንገሩኝ እንጂ! ልጄ ገባች?»

ሃያ ሁለት ዓመት ለወላጅ ውጤት የነገርኩ ሰው ነኝ፤ ማኅተሙን በጣቴ አሳየኋት። ራሴን ነቀነቅሁላት። እሷም ልጇን በጠማማው ኮሌታዋ ይዛ ወደ ታች ጎተተቻትና፣ ግማሽ ትምህርት ቤቱ እያየ፣ ግንባሯን ሳመቻት።